«አለሁ» በይኝ

ልጆቼ፣ ይህን ስጽፍ እጄ ብዙ ጊዜ ቆሟል። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመን፣ ከጎልማሶች ጋር ዛፍ ሥር ተቀምጬ ስለሆነ አይደለም። ያቆመኝ እፍረት ነው። የሌላ ሰው እፍረት ቢሆን ኖሮ በጨዋታ አሳምሬ ባለፍኩት ነበር። ግን ግማሹ የራሴ ነው።

ካሳ እባላለሁ። ከቆቦ ወደ ዋጃ በሚወስደው አስፋልት ዳር ሽንኩርት ተለቅሞ በጆንያ የሚታሸግበት መጋዘን አለ፤ የዚያ በር ጠባቂ ነኝ። ስልሳ ሴቶች ከጠዋት እስከ ማታ ትልቁን ከትንሹ፣ የበሰበሰውን ከደህናው ይለያሉ። እዚያ ውስጥ ሰው ሲያለቅስ በምን እንደሚያለቅስ አይታወቅም። ሁሉም ዓይን ያነባል።

ከስልሳዎቹ አንዷ ሰልዋ ናት። የሮቢት ልጅ፣ ሃያ አራት ዓመቷ፣ አክስቷ ያሳደገቻት። አፏ ስለት ነው፤ ግን ማንንም አያደማም። ሴቶቹ ለአለቃ የሚነገር ነገር ሲኖራቸው እሷን ነው ከፊት የሚያስቀድሙ።

ታሂር ደግሞ የዋጃ ልጅ ነው። አባቱ ባለ ሁለት ወፍጮ፣ እሱ ኮምፒውተር ተምሮ የተመለሰ፣ መነጽር የሚያደርግ፣ ሲናገር ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ልጅ። መጋዘኑ በር ላይ ትልቅ ስልክ መሰል ነገር ሊሰቀል ነበር፤ ጠዋት የመጣውን ሰው የሚመዘግብ፣ ሥራ የሚደለድል፣ ሰው ሲያመው ለአለቃ የሚናገር። ሥራው ለታሂር ተሰጠ። እሱም ለሥራ አስኪያጁ፣ «እነሱ የሚነኩትን ነገር እነሱ በሌሉበት አልሠራም» አለ። ስለዚህ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ሴቶቹ ጆንያ ላይ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፤ እሱ መሬት ላይ፣ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ።

«እህቶቼ፣ ይህ ነገር ምኑ ይከብዳችኋል?»

«ስገባ ስወጣ የሚጠይቀኝ ባሌ አልበቃ ብሎ አሁን ደግሞ ግድግዳ!» አለች ኢቅራ። ሳቅ ሆነ።

ሌላዋ፣ «በጓንት ስነካው አይሰማኝም» አለች። ጆሮዋ ከበድ ያለው ሔዋን፣ «ደወሉ ለእናንተ ይሁን፤ ለእኔ መብራት ብልጭ ይበልልኝ» አለች። ታሂር ሁሉንም ይጽፋል። በሚቀጥለው ሐሙስ መብራቱ ብልጭ ይላል፤ ቁልፉ በጓንት የሚነካ ሰፊ ሆኖ ይመጣል። ሴቶቹ ነገሩን እንደ ራሳቸው ልጅ ይወዱት ጀመር።

አንድ ሐሙስ ሰልዋ ከኋላ፣ «ኢንጅነሩ፣ እዚያ ቁልፍ ላይ ምን ብለህ ነው የጻፍክብን?» አለችው።

«‹ገባሁ› ነው የሚለው።»

«‹ገባሁ›? እስር ቤት ነው እንዴ የምገባው?» ሴቶቹ ሳቁ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። «እናቴ በሕይወት እያለች ስትጠራኝ ‹ገባሁ› ብያት አላውቅም። ‹አለሁ› ነው የምላት። ሰው ስሙ ሲጠራ ‹አለሁ› ነው የሚለው። ወላሂ፣ ግድግዳም ቢሆን አክብሮ ከጠራኝ ‹አለሁ› እለዋለሁ።»

የታሂር እስክሪብቶ ቆመ። ቀና ብሎ አያት። እሷም አየችው፤ ከዚያ ምንም ያልተበላሸ ሻሿን ታስተካክል ጀመር። «አስብበታለሁ» አለና ደብተሩን ዘጋ። የሁሉንም ሲጽፍ የእሷን ሳይጽፍ ቀረ። የማይረሳውን ነገር ሰው አይጽፍም፤ እሷ ግን ከዚህ ምን ታውቃለች? ሲወጡ በበሩ በኩል ስታልፍ፣ «የእኔ ቃል ለደብተር አልበቃም፣ አያ ካሳ» አለችኝ። ስቃ ነበር ያለችው። ሳቋ ግን ከበሩ አልፎ አልሄደም።

ደብዳቤ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ በስልኳ ጽፎላት ነበር፤ መልስ ሲያጣ በስልክ መጻፍ ለጨዋ ልጅ አይሆንም አለና ወረቀት አጥፎ ለእኔ ይሰጠኝ ጀመር። እኔ ለእሷ አቀብላለሁ፤ እሷ ጓንቷ ውስጥ ትከታለች። ሌሎቹ ለምሳ ሲወጡ ተመልሳ ትመጣለች።

«አያ ካሳ፣ ዓይኔ ሽንኩርት ገብቶበታል። ያንብቡልኝ።»

በመጀመሪያው ቀን አመንኳት። በሁለተኛውም ሽንኩርት ነበር። በሦስተኛው ደብዳቤውን ዘርግታ ሰጠችኝና ስለ ሽንኩርት ምንም አላለችም። ትምህርት ቤት የገባችው እናቷ እስክትታመም፣ አንድ መንፈቅ ብቻ ነበር።

«ለማንም እንዳይነግሩብኝ። ለእሱማ በተለይ። ይማሉልኝ።»

በጊዮርጊስ ማልኩላት።

እንግዲህ እኔ የማነበው እየተንተባተብኩ ነው፤ ጣቴ መስመሩን ካልተከተለ ይጠፋብኛል። እሷ ግን እንደዚያ ሆኖም አንዲት ቃል አታመልጣትም ነበር። «ሐሙስ ሐሙስ የምመጣው ለሥራው ነው እላለሁ። ግማሹ ውሸት ነው። ድምፅሽን ልሰማ ነው» የምትለዋን ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ። በሦስተኛው እሷው በቃሏ አለችው፤ ያለ አንድ ስህተት። የሰማችውን እንዲህ ነው የምትይዝ። መልስ ግን አትልክም። በምን እጇ?

አንድ ቀን ታሂር በሩ ላይ ቆሞ ሲያመነታ ቆየና፣ «አያ ካሳ፣ ደብዳቤዎቼን ታነባቸዋለች?» አለኝ።

ምን ልበል? ምያለሁ። አላውቅም ብል ይበቃኝ ነበር። እኔ ግን፣ «እንደ ውሃ!» አልኩት። ደስ ሲለው ያየሁት ያኔ ነው።

አራተኛው ደብዳቤ መጣ። ሰልዋ ጆንያ ላይ ተቀምጣ፣ እጆቿን ጉልበቷ መሃል አድርጋ ትጠብቃለች። ከታች በኩል ስደርስ እንዲህ ይላል፦ «እኔ ብዙ ጻፍኩ፤ ካንቺ አንድም አላገኘሁም። ብትወጂኝ አንዲት ቃል ብቻ በእጅሽ ጽፈሽ ላኪልኝ። ያቺ ቃል ካልመጣች ገብቶኛል፤ ዳግም አልጽፍም።»

ዓይኔ መስመሩን አየ፤ አፌ ዘለለው። «በእጅሽ» የምትለዋን ስትሰማ ፊቷ ምን እንደሚሆን ታየኝ። «በሰላም ዋይ» የሚለውን አንብቤ ወረቀቱን አጠፍኩት። «አለቀ?» አለች። «አለቀ» አልኩ። ለእሷ ያዘንኩ መስሎኝ ነበር።

እሱ ሳምንት ጠበቀ፣ ሁለት ሳምንት ጠበቀ። እሷም በምሳ ሰዓት እየመጣች፣ «ዛሬስ የለም?» ትላለች። «የለም።» «ሰለቸዋ» ብላ ትከሻዋን ትነቀንቃለች። እሱ ናቀችኝ አለ፤ እሷ ተወኝ አለች። እኔ መሃል ላይ ቁልፍ እያንቀጫቀጭኩ ቆሜ፣ የሁለቱንም ሐዘን ኪሴ ውስጥ ይዤ ነበር።

ነገሩ የሚመረቅበት ቀን ደረሰ። ማክሰኞ ጠዋት ነው። ከከተማ እንግዶች ስለሚመጡ መጋዘኑ ተጠርጎ፣ ውሃ ተረጭቶ፣ አንድም ጆንያ ሳይከፈት ይጠብቅ ነበር። ሴቶቹ አዲስ ሽርጥ ለብሰዋል። ሥራ አስኪያጁ፣ «ይህን ሠራተኞቻችን ራሳቸው ናቸው የነደፉት» አለ። ውሸት አልነበረም።

ከዚያ ታሂር ተነሣ። «መጀመሪያ የምታነብልንና የምትነካው ሰልዋ ትሁን» አለ።

ይህን አለ ብላችሁ አትደንግጡ። ሰልዋ ተዘጋጅታለች። ምናልባት ብጠራ ብላ ሳምንቱን ሙሉ ከላይ ምን እንደተጻፈ፣ ከታች ምን እንደሚል እኔን ጠይቃኝ አጥንታዋለች። ጓንቷን አወለቀች፤ ቀጥ ብላ ቆመች፤ ዓይኗን ስክሪኑ ላይ ተክላ፣ እንደ ራዲዮ በጠራ ድምፅ፦

«እንኳን ደህና መጡ» አለች። ጣቷ ወደ ታች ወረደ። «ገባሁ።»



«ኧረ ‹አለሁ› ነው የሚለው!» አለች ኢቅራ፤ ሳቋም አመለጣት። አንድ ሁለት ሰው ተከተላት። ከእንግዶቹ አንዷ ለማየት ጎንበስ አለች።

ታሂር ያን ጠዋት ሰዉ ሳይሰበሰብ ቀይሮት ነበር። ያልጻፈውን የእሷን ቃል ቁልፉ ላይ አስቀምጦት ነበር። አምስተኛው ደብዳቤ ያ ነበር ልጆቼ፤ ሰው ሁሉ ፊት የተሰጠ፣ እሷ ብቻ የምታውቀው። መጀመሪያ የምትቀልድ መስሎት ፈገግ አለ። «ሰልዋ፣ እይው እንጂ፤ ያንቺው ቃል ነው» አላት።

አየችው። ብዙ አየችው። የእሷ ነው የተባለው ቃል ከሌሎቹ በምን እንደሚለይ አታውቅም።

ከዚያ ዓይኗን አንስታ ወደ በሩ አየች። ወደ እኔ። ፀሐይ አብርቆባት ነው ብል ይበቃ ነበር። ያሳሳትኳት እኔ ነኝ ብል፣ ወይ ጉሮሮዬን ጠርጌ ብስል፣ በሩን በኃይል ብዘጋው እንኳ ይበቃ ነበር። እኔ የእጄን ቁልፎች አየሁ። አንድ በአንድ፣ እንደሚቆጥር ሰው።

«ይቅርታ» አለች። «ዓይኔ ሽንኩርት ገብቶበታል።»

አንድም ጆንያ አልተከፈተም ነበር። ሁሉም ሰው አወቀ። ጓንቷን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ በአጠገቤ አለፈች፤ ቀና ብዬ አላየኋትም። የጫማዋን ድምፅ ብቻ ነው የሰማሁት፤ እስከ አስፋልቱ ድረስ፣ አልሮጠችም።

ያን ቀን ከሰዓት ታሂር ጥበቃ ቤቴ መጥቶ በሩን ተደግፎ ቆመ። መነጽሩን አውልቆ ይዞታል።

«አያ ካሳ፣ እንደ ውሃ አላሉኝም?»

«አስምላኝ ነው ልጄ።»

«መማልዎ ይሁን። ‹እንደ ውሃ› ማለትን ማን አስማለዎ?»

መልሴን አልጠበቀም። «ጓንታቸውን ጠየቅሁ። ጆሯቸውን፣ ዓይናቸውን፣ ቁመታቸውን ጠየቅሁ። ማንበብ ትችላላችሁ ወይ ብዬ ግን አንድም ቀን አልጠየቅሁም። የሠራሁት ለእነሱ ነበር እኮ» አለ።

በዚያ ጊዜ ዘልዬው ያለፍኩትን መስመር ልነግረው አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት። አንድ እፍረት ተናዝዤ ሁለተኛውን ደበቅሁ። ዕድሜ ሰውን ያሻሽላል ለሚላችሁ ይህን ንገሩት።

ሐሙስ ደረሰ፤ ሰልዋ አልመጣችም። ታሂር ክቡ መሃል ደብተር ሳይዝ ተቀመጠ። «ጽሑፍ የሚያስቸግራችሁ ካላችሁ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ልስማችሁ» አለ። መጀመሪያ እጇን ያነሣችው ኢቅራ ናት። «እኔ ያቺን ቃል ያወቅኋት ጠዋት ስትጽፋት ጮክ ብለህ ስላልካት ነው» አለች፤ መሬት መሬት እያየች። «የሳቅሁት እኔን እንዳይጠይቁኝ ፈርቼ ነው። አላህ ይቅር ይበለኝ።» ከዚያ ሌላ እጅ፣ ሌላ እጅ። እኔ በበሩ ሆኜ ሠላሳ ድረስ አየሁና መቁጠር አቃተኝ። እነዚያ ሁሉ እጆች ከሰልዋ ጋር ማክሰኞ ሊቆሙ ይችሉ ነበር። የእኔም።

በማግስቱ ከጁምዓ ሰላት በኋላ እኔና ታሂር በሚኒባስ ሮቢት ወረድን። አክስቷ ዓሊማ ደጃፍ ላይ በርበሬ እየቀነጠሰች አገኘናት።

«የሽንኩርቱ ሰዎች ናችሁ? አስለቅሳችሁ ላካችኋት፤ አሁን ደግሞ ምን የቀረ አለ ብላችሁ ነው?» አለች። ብትቆጣም በርጩማ አወጣችልን፤ ራሷም በርበሬዋን ይዛ መሃላችን ተቀመጠች።

ሰልዋ ከመጋረጃው ኋላ ናት። የእግሯ ጣቶች ይታያሉ።

«ምን ልታስነብበኝ መጣህ?» አለች ከውስጥ።

«ምንም» አለ ታሂር። «ወረቀት አልያዝኩም። ሰልዋ፣ እናቴ በአውራ ጣቷ ነበር የምትፈርመው። ትምህርት ቤት ወላጅ ሲጠራ ጣቷን ቀለም ነክራ ስትፈርም፣ ጓደኞቼ እንዳያዩ ፊት ለፊቷ እቆም ነበር። ስትወጣ ጣቷን ነጠላዋ ውስጥ ትደብቀው ነበር፤ እኔ እንዳፈርኩባት አውቃ። ነጠላዋ ላይ ያ ቀለም ነበረ፤ ታጥቦም አልለቀቀም። ከሰው ሁሉ ቀድሜ ይህን ማወቅ ያለብኝ እኔ ነበርኩ። ረሳሁት። ረስቼው አንቺን ሰው ፊት አቆምኩሽ።»

ዓሊማ በርበሬ መቀንጠሷን አቆመች።

«ሴቶቹ ስክሪኑ እንዲናገር ይፈልጋሉ። ስም እየጠራ፣ ሥራውን በአፉ እየነገረ። የማንን ድምፅ ላድርግ ስላቸው፣ ሁሉም ያንቺን አሉኝ።»

«ሳቃቸው ጆሮዬ ውስጥ ነው ያለው፤ ድምፄን ልስጣቸው? ደግሞ አንተ እኮ ትተኸኝ ነበር። ስትጽፍ ስትጽፍ ድንገት አቆምክ። በምን ሰለቸሁህ? እሱን ንገረኝ።»

ታሂር ግራ ገባው። «አንቺ ነሽ እንጂ! አንዲት ቃል ጻፊልኝ ብዬ ለምኜሽ…»

«የምን ቃል?»

የሁለቱም ጥያቄ ወደ እኔ ዞረ። አራተኛው ደብዳቤ ኪሴ ነበር፤ ሰልዋ ቤት ቢገኝብኝ ብላ ሁሉንም ለእኔ ነበር የምታስቀምጠው። አወጣሁት። ስልሳ ዓመት አልፎኛል ልጆቼ፤ እንደዚያ ቀን እጄ ከብዶኝ አያውቅም።

«የዘለልኩት አለ» አልኩ። ጣቴን መስመሩ ላይ አድርጌ፣ እየተንተባተብኩ፣ ጸሐፊው አጠገቤ ተቀምጦ እየሰማ አነበብኩት። «ብትወጂኝ… አንዲት ቃል ብቻ… በእጅሽ ጽፈሽ…»

መጋረጃው ተገለጠ። ዓይኖቿ ቀልተዋል፤ በዚያ ቤት ደግሞ ሽንኩርት የለም።

«አያ፣ እርስዎም?»

«ስላዘንኩልሽ ነው፣ ልጄ።»

«ሲያዝኑልኝ እኮ ነው ያሳነሱኝ።» አልጮኸችም። ብትጮህ በወደድኩ። «የሚከፋኝ ከሆነ ይክፋኝ። የእኔ ነበር እኮ መስመሩ።»

ተነሥቼ ጉልበቷ ላይ ልወድቅ ጎንበስ አልኩ። ያዘችኝ። «ተዉ! ሽበትዎን አያዋርዱብኝ» አለች፤ ግን ይቅር ብዬዎታለሁ አላለችም። ልክ ነች።

ከዚያ ወደ ታሂር ዞረች። ብዙ አየችው፤ ስክሪኑን እንዳየችው አይደለም፤ የምታነበውን እንደምታውቅ ሰው ነው።

«በእጄ ያልከው የለኝም» አለችው። «ለፍቅርህ ብዬ አሁን ጭረት አልጭርልህም። ፊደል ብማር ለራሴ ነው የምማረው፤ ሲመቸኝ። ከእኔ ያለው በአፌ ነው። ይበቃሃል?»

«ይበቃኛል።»

«እስኪ ሰው እንደሚጠራ አድርገህ ጥራኝ።»

ታሂር ከበርጩማው ተነሣ። መነጽሩ በእንባ ተሸፍኖበት እንደማያይ አውቃለሁ። «ሰልዋ» አለ። ድምፁ አልወጣለትም። ዓሊማ፣ «ጎረምሳ አይደለህም? ጮክ በል እንጂ!» አለችው፤ እሷም በርበሬ ባልነካው ክንዷ ዓይኗን እየጠረገች።

«ሰልዋ!»

«አለሁ» አለች።

ልጆቼ፣ ይህን ቃል በቀን መቶ ጊዜ እንሰማዋለን። ያን ቀን ግን ቤቱ የሞላ መሰለኝ። ታሂር ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ ቆመ። «ሐሙስ እመጣለሁ» አለችው ቀስ ብላ። «የሚናገረውን ግን ከሁሉ በፊት እኔ ነኝ የምሰማው። ተሳስቶ ስሜን ቢጠራ ወየውለት!» የማክሰኞው እፍረት ከፊቷ አልጠፋም ነበር። ከእፍረቱ ሥር ግን ፈገግ ብላ ነበር።

እኔ ቀድሜያቸው ወጣሁና አስፋልቱ ዳር ቆሜ ሚኒባስ ጠበቅሁ። ነፋሱ አቧራ ያነሣል፤ ባጃጆች ያልፋሉ። ከኋላዬ የሁለቱ ድምፅ አልፎ አልፎ ይሰማኛል፤ ዞሬ ግን አላየኋቸውም። የማስበው ማክሰኞን ነበር። ያ ሁሉ ሰው እያያት ሰልዋ ዓይኗን አንስታ ወደ በሩ ያየችው ለምን እንደሆነ የገባኝ እዚያ ቆሜ ነው። ስሜን ነበር የጠራችው፤ ሳትናገር። አንዲት ቃል ነበር የሚጠበቅብኝ።

አለሁ አላልኳትም።